ልጆቻችንን ሳይመረቁ «ዶክተር» አንበላቸው

 

በረመዳን ወር ወደ መስጂዳችን የሚመጣው የዱዓ አደራ ብዙ ነው። የታመመ ያለበት አለ፤ በስደት ያለ ልጁ ድምፅ የጠፋበት አለ፤ ሥራ አጥቶ የተጨነቀ አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በደስታ የሚነገረን አደራ እየበዛ መጥቷል፦ «ሸይኽ፣ ልጃችን ሕክምና ደርሶታል፤ ልጃችን ነርሲንግ ደርሷታል፤ ዱዓ ያድርጉልን።» አልሐምዱሊላህ፣ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ዛሬ የምንጽፈው ግን ከደስታው በኋላ ስለሚመጣው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጀመዓችን የአንድ አባት ልጅ ሕክምና ደረሳት። እኛም ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ድምፅ ማጉያውን ይዘን «ለዶክተር ልጃችን ዱዓ አድርጉላት» አልን። ጀመዓው በአንድ ድምፅ «አሚን» አለ። ወራት አልፈው ረመዳን ገባ። አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ እናቷ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። «ሸይኽ፣ ልጄን ዓይን በልቷታል። ከዩኒቨርሲቲ ከመጣች ጀምሮ ክፍሏን ዘግታ ትቀመጣለች። ኢፍጣር እንኳ በግድ ነው የምትቀርበው። እባክዎ ቁርአን ይቅሩባት» አሉን።

ሄድን፤ ቀራንባት። ከዚያም እናትና አባቷ ባሉበት ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብለን ጠየቅናት። ብዙ ካለቀሰች በኋላ እንዲህ አለች፦ «ሸይኽ፣ የመጀመሪያውን የአናቶሚ ፈተና ወደቅኩ። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ አነባለሁ፤ ምንም አይያዝልኝም። ለማን ልንገር? ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር እያለ ነው የሚጠራኝ። እርስዎም በመስጂድ ዶክተር ብለውኛል።»

ይህን ስንሰማ አፈርን። ልጅቷን ያስጨነቃትን ሸክም ካሸከሟት ሰዎች አንዱ እኛ ነበርን። ከዚያች ቀን ወዲህ ያልተመረቀ ልጅ «ዶክተር» ብለን ጠርተን አናውቅም። ዛሬ ወላጆችን የምንማጸነውም ይህንኑ ነው።

«ማዕረጉ ያበረታታቸዋል እንጂ ምን ይጎዳቸዋል?» የሚል ወላጅ ይኖራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሕክምና የሚገባ ልጅ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ነው። አዲሱ ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን ግራና ቀኙ የተቀመጠው ሁሉ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ነው። ከነዚህ መካከል አንዱ የግድ መጨረሻ ይወጣል። «ተማሪ» ተብሎ የሚጠራ ልጅ ሲሳሳት «እየተማርኩ ነው» ማለት ይችላል። «ዶክተር» የተባለ ልጅ ግን በወደቀ ቁጥር ቤተሰቡን ያታለለ ይመስለዋል። ስለዚህ ይደብቃል። የደበቀ ደግሞ የሚረዳው አያገኝም።

በዚህ ወር የወረደውን ቁርአን እናስታውስ። አላህ በአንድ ሌሊት ሁሉንም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልብ ላይ ማኖር ይሳነው ነበርን? ሆኖም በ23 ዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ወረደ። በየረመዳኑም ጂብሪል (ዐ.ሰ.) እየመጣ የወረደውን ከነቢዩ ጋር ይከልስ ነበር፤ በመጨረሻው ዓመት ሁለት ጊዜ ከለሱት። የነቢያት አለቃ ሙራጀዓ ካስፈለጋቸው፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ 206 አጥንቶችን ከነስማቸው በአንድ ሌሊት እንዲይዝ እንዴት እንጠብቃለን?

እኛ በደረሳነታችን የተማርንበትን መንገድም እንንገራችሁ። ኡስታዛችን ሉሕ ላይ የጻፍነውን እያየን አሥር ጊዜ ብናነበው አልተማራችሁም ይሉን ነበር። ሉሑን አዙረን በቃላችን ስንቀራ፣ ስንሳሳት ሲያርሙን፣ ደግመን ስንቀራ ነው «አሁን ሂድና እጠበው» የሚሉን። የትናንቱን ሳንደግም የዛሬውን አይሰጡንም ነበር። ማታ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነን እርስ በርስ እንሰማማ ነበር።

ዛሬ የሕክምናና የነርሲንግ ተማሪዎች ሃንድአውቱን በቀለም እያሰመሩ ደጋግመው ሲያነቡ እናያለን። ዓይን የለመደውን ልብ የያዘው ይመስላል፤ ፈተና ላይ ግን ይጠፋል። ልጆቻችን ሆይ፣ ሉሑን አዙሩት! አንድ ገጽ አንብባችሁ ወረቀቱን ዝጉና በቃላችሁ ተናገሩ፤ ወይም ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። የሳታችሁትን ብቻ ተመልሳችሁ እዩ። በማግሥቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ከጓደኛ ጋር ተጠያየቁ። በአያቶቻችን ዘንድ ሐፊዝ የወጣው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ስለ እንቅልፍ እንናገር። ብዙ ወላጅ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አብርቶ ሲያድር «ጎበዝ» ይለዋል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱን ግን አእምሮ ቀን የተማረውን አጽንቶ የሚያኖረው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እንቅልፉን የሸጠ ተማሪ ትምህርቱንም አብሮ ሸጧል። ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ጫት ይዘው የሚያጠኑ ልጆች እንዳሉም እናውቃለን፤ አንዳንዱ አባትማ «ለጥናት ነው» ተብሎ ራሱ ገንዘብ ይሰጣል። በምርቃና ሁሉም የገባ ይመስላል። ጠዋት ግን ልጁ ደክሞት፣ አፉ ደርቆ፣ ልቡ እየመታ ፈተና ላይ ይቀመጣል። ይህ ጥናት አይባልም፤ ራስን መጉዳት ነው።

የሰልማን አል-ፋሪሲንና የአቡ ደርዳእን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አቡ ደርዳእ ቀኑን በሱና ጾም፣ ሌሊቱን በሰላት ራሳቸውን ሲያደክሙ ሰልማን በእንግድነት መጡ። አብረዋቸው እንዲበሉ አደረጉ፤ ሌሊቱ ገና ሳለ እንዲተኙ አደረጉ፤ ሌሊቱ ሊያልቅ ሲል ቀስቅሰው አብረው ሰገዱ። ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸው፤ ለሁሉም ሐቁን ስጥ ብለው መከሯቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ። ለዒባዳ እንኳ ልክ ከተበጀለት፣ ለጥናት ልክ አይኖረውምን?

በረመዳን ይህን ልክ እንዴት እናብጀው? በአገራችን ጾሙ አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሱሑርና ከሱብሒ ሰላት በኋላ ያለው ጊዜ ሆድም አእምሮም ዝግጁ የሆነበት ነው፤ ከባዱንና አዲሱን ትምህርት ያኔ ያዙ። ከዙህር በኋላ ግማሽ ሰዓት ቀይሉላ ተኙ፤ ሱና ነው፤ ጉልበትም ይመልሳል። ከመግሪብ በፊት ሰውነት ሲደክም አዲስ ነገር አትጀምሩ፤ የያዛችሁትን ተጠያየቁ። ማታ ከተራዊሕ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ አትቀመጡ፤ 4 ሰዓት ላይ ስልኩን አጥፍታችሁ ተኙ። ሱሑርን አትዝለሉ፤ በረከት ያለበት ምግብ ነው። ውኃውንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ጥቂት በጥቂት ጠጡ። ወላጆች ለዶርም ተማሪ በሶና ቴምር ብትልኩ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

በተግባር ልምምድ ላይ ያላችሁ የነርሲንግ ተማሪዎች «ተረኛ ስለሆንን ተራዊሕ አመለጠን» እያላችሁ ታዝናላችሁ። ተራዊሕ ሱና ነው፤ ብቻችሁንም፣ በዶርማችሁም ልትሰግዱት ትችላላችሁ። የታመመ ሰው ግን አደራችሁ ነው፤ ትታችሁት አትሂዱ። ፈተና መኖሩ ብቻ ጾም ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ በእውነት የታመመ ልጅ ግን አላህ የሰጠው ፈቃድ አለው። ይፍታ፤ በኋላ ቀዷ ያወጣል። በዚህ አታስጨንቋቸው።

«ሕክምና ሳይደርሳት ቀርቶ ነርሲንግ ብቻ ደረሳት» የሚሉ ወላጆችም አሉ። «ብቻ» የሚለውን ቃል ተዉት። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ በነቢዩ መስጂድ በተተከለ ድንኳን ቁስለኞችን ታስታምም ነበር። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ታላቁ ሶሐቢ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ የተወሰዱት ወደ እርሷ ድንኳን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያከበሩትን ሥራ እኛ በምን ሚዛን እናቀለዋለን?

ወላጆች ሆይ፣ ስልክ ስትደውሉ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «በልተሃል? ተኝተሃል? ከማን ጋር ነህ?» በሉ። ልጃችሁ ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከሸሸ፣ የሚወደውን ሁሉ ከጠላ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ አትቆጡት፤ ቶሎም «ጂን ነው» አትበሉ። ቃሉ እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ቀንም ብቻውን አትተዉት። ቁርአን እንቀራለን፤ ሩቅያ ሐቅ ነው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው ነግረውን ታከሙ ብለውናል። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነውር አይደለም። በዩኒቨርሲቲ ያለ ልጅም የምክር አገልግሎት መስጫውን ይጠይቅ፤ የሚያምነውን መምህርም ያናግር። ልጆቻችን ሐኪም ሊሆኑ የሚማሩት ሰው እንዲታከም አይደለምን?

ያቺ ልጅ ያን ምሽት ስታወራ አባቷ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና «ወደቅሽ ብዬ የምጠላሽ መስሎሽ ነው?» አሏት። ከዚያ ቀን በኋላ ተኛች፤ በላች፤ ሐኪምም አየቻት። ፈተናውን ደግማ ተፈትና አለፈች። አሁን ሦስተኛ ዓመት ናት። አንደኛ አይደለችም፤ ግን ደህና ናት። ይህን እንድንጽፍም ፈቅዳልናለች።

ሰሞኑን እቤታቸው ለኢፍጣር ተጠርተን ነበር። ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲ ስትገባ ትንሹ ወንድሟ «ዶክተር መጣች!» ብሎ ጮኸ። እናቷ ቀና ብለው «ተማሪ ናት። ደክሟታል፤ መጀመሪያ ቴምር ስጣት» አሉት።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀትና ጤና ይስጥልን፤ ጾማችንንም ይቀበለን። አሚን።