ስለ ተቆረጠ ጣት

ከቃሊቲ እስከ አቃቂ መንገዱን ይዘው የተደረደሩትን ፋብሪካዎች ከመካከላችን የማያውቅ የለም። በእነዚያ መኪናዎች ፊት ቆሞ የሚውል ሠራተኛ አውራ ጣቱን ቢያጣ፥ እጁ ከሚሠራው ሥራ ግማሽ የሚጠጋውን አጣ ማለት ነው። ታዲያ «የተቆረጠ ጣት መልሶ መስፋት የሀብታም አገር ሕክምና ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በ1963 በሻንጋይ ዶክተር ቼን ጆንግዌይና ጓደኞቻቸው የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛ ከአንጓው በላይ የተቆረጠ ቀኝ እጅ መልሰው ሰፉ፤ እጁም ሥራ ያዘ። ያን ጊዜ ቻይና ሀብታም አልነበረችም። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮማትሱና ታማይ የተባሉ ጃፓናውያን በማይክሮስኮፕ እያዩ ፈጽሞ የተቆረጠ አውራ ጣት መለሱ።

የጣት ደም ቅዳ ስፋቱ 1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የሚሰፋበትም ክር ከጠጉር ይቀጥናል። የሥሩ ውስጠኛ ገበር ከተላጠ፥ ወይም መርፌው የወዲያኛውን ግድግዳ አብሮ ከሰፋው፥ ፕላትሌቶች እዚያው ይለጠፋሉ፤ ደሙ ይረጋል፤ ጣቱም ይሞታል። መከላከያው ምንድን ነው ቢባል ብዙዎቻችን «ሄፓሪን» ብለን እንመልሳለን። ለፈተና ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን ሄፓሪን በመጥፎ የተሰፋን ሥር አያድንም። የተቀጠቀጠውን ጫፍ እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጦ መጣል፥ ሳይወጥሩ ማገናኘት፥ ጫፎቹ ካልደረሱም ከክንድ የደም መልስ ቁራጭ ወስዶ መቀጠል፤ ደሙ እንዳይረጋ አስቀድሞ የሚያደርገው ይህ የእጅ ጥበብ ነው።

ሕንፃ በእርዳታ ይገኛል፤ በአቃቂ ቃሊቲ የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል በቻይና መንግሥት እርዳታ ተሠርቷል። የእጅ ጥበብ ግን የሚገኘው በልምምድ ነው። ለልምምዱም ከገበያ የሚገዛ የዶሮ ጭን ይበቃል፤ በውስጡ ያለው ሥር ለጀማሪ እጅ ጥሩ መማሪያ ነው (ከዚያ በኋላ ለወጥ ባይሆንም)። ማይክሮስኮፑና መርፌው ገንዘብ ስለሚጠይቁ፥ ይህን መምህራኖቻችን እንዲያስቡበት እንለምናለን።

የእኛ ፋንታ ሌላ ነው። ጣቱ ተበላሽቶ ከደረሰ የሠለጠነ ሐኪም ምን ያደርጋል? የተቆረጠው ጣት በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ከረጢት ይታሰራል፤ ከረጢቱም በረዶ በገባበት ውኃ ላይ ይቀመጣል። በረዶው ራሱ ሥጋውን ከነካው ይጎዳዋል። እንዲህ የቀዘቀዘ ጣት 24 ሰዓት ያህል ሊቆይ ይችላል፤ ሳይቀዘቅዝ ግን 12 ያህል ብቻ ነው። ይህን በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት በየፋብሪካው በር ለማስረዳት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃናል። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ፤ ላስቲክና ጨርቅ የሚያመጣም አይጥፋ።