ብር ብናዋጣ ዓይን አላዋጣንም

ሰሞኑን ከሥራ በኋላ ሳሪስ አቦ አካባቢ ካለች አንዲት ቡና ቤት ተሰብስበን ስለ ጉዞ ስናወጋ አንድ ወዳጄ «አብሮ የሄደ አብሮ ይዋላል፤ ተለያይቶ ለመዋልማ ምን አብሮ ያስኬደዋል?» አለ፡፡ የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፡፡ አባባሉ ሲሰሙት ያምራል፤ ፍቅር ፍቅር ይሸታል፡፡ እኔ ግን ቡናዬን እንደያዝኩ ዝም አልኩ፡፡ ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ሳልመልሰው የቀረሁት መልስ ነው፡፡ አባባሉ ሐሰት ነው እላለሁ፤ ከሐሰትም የከፋ፣ ወዳጅን የሚያስቀይም ሐሰት ነው፡፡ ማስረጃዬም ራሴ ነኝ፡፡

በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. እኛ አራት የሳሪስ ልጆች የዓመት ፈቃዳችንን አመቻችተን፣ እኩል ብር አዋጥተን ባሕር ዳር ሄድን፡፡ አንዱ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፡፡ አንዱ የጂኦግራፊ መምህር፡፡ አንዷ በልብስ ስፌት ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ እኅታችን ናት፡፡ አራተኛው እኔ፣ ቀን የሰው ገንዘብ ቆጥሬ ማታ ስንኝ የምቆጥር የባንክ ሠራተኛ፡፡

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የላትም፤ ምጽዋና አሰብ ከድንበር ማዶ ቀርተዋል፡፡ አባቶቻችን ግን 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለውን ጣናን «ባሕር» ሲሉ አላፈሩም፤ በዳርቻው የተቆረቆረችውንም ከተማ ባሕር ዳር አሏት፡፡ ስለዚህ እኛም በአውቶቡስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ባሕር ልናይ ሄድን፡፡ ስንሄድ አራት ልብ ነበርን፡፡ እኔ ብራናና የግድግዳ ሥዕል ላይ፡፡ መምህሩ የጢስ ዓባይ ፏፏቴና ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አፍ፡፡ ነጋዴው አሣ፣ ቢራና የአዝማሪ ቤት፡፡ እኅታችን ግን «አንተስ?» «አንቺስ?» እየተባባልን ስንጠያየቅ፣ «ውሃው አጠገብ ዝም ብዬ ልቀመጥ» ነበር ያለችው፡፡ ሣቅን፡፡ «እሱማ ምን ምርጫ አለው?» ብለን አለፍነው፡፡ ቀኑን ሙሉ የሃምሳ መኪና ጩኸት በጆሮዋ ይዛ ለምትውል ሴት ዝምታ ከፏፏቴም ከብራናም የሚበልጥ የጉብኝት ሥፍራ መሆኑን ያን ጊዜ ማን አሰበ?

በሁለተኛው ቀን ጀልባ ተከራየን፡፡ ጀልባ በሰው ሳይሆን በጠቅላላው ነው የሚከራየው፤ ወጪው ለአራት ሲካፈል ይቀላል፡፡ እነሆ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፡፡ ክብራን ገብርኤል ወይስ ዘጌ ተባለና ድምፅ ተሰጠ፡፡ እኔ ስለ ክብራን ጥንታውያን መጻሕፍት እንደ ሰባኪ ተናገርኩ፤ ሁለቱ ወንዶች ተረቱልኝ፤ ሦስት ለአንድ አለቀ፡፡ ክብራን የወንዶች ገዳም እንደሆነች ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር፡፡ ሴት አትገባም፡፡

ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፤ ለዘመናት የቆየ ነው፤ በእርሱ ላይ ቃል አልናገርም፡፡ ጥፋቱ የእኛ ነው፡፡ በዘጌ ልሳነ ምድር ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴት ወንድ ሳትለይ ትቀበላለች፤ ሥዕሏም የታወቀ ነው፤ ወደ እርሷ የሚያደርሰውም መንገድ የቡና ጫካ ውስጥ ለውስጥ ነው፡፡ ከክብራን አጠገብ ደግሞ የእንጦስ ደሴት አለች፤ ባለ ጀልባው «እኅቴን እዚያ ላድርሳት?» ብሎ ጠይቆን ነበር፡፡ እኛ ግን «ቶሎ እንመለሳለን፤ አብረን መጥተን መለያየት ደግ አይደለም» አልን፡፡ ልብ በሉ፤ አብረን መሆናችንን የምንሰብከው እርሷን ከጀልባው ላይ ትተን ወደ ላይ ስንወጣ ነው፡፡ ብዙ ቆየን፡፡ ስንመለስ ፀሐዩ ፊቷን አቅልቶት፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ፣ ከባለ ጀልባው ጋር ተቀምጣለች፡፡ «አየ፣ ደረሳችሁ?» አለች፡፡ ሌላ ቃል አልወጣትም፡፡ አራታችንም ተቃቅፈን ፎቶግራፍ ተነሣን፡፡

አሁን ወደ ክርክሬ ልግባ፡፡

የእኛ ሰው ገንዘብ ሲያዋጣ ዓይኑንም፣ እግሩንም፣ ሆዱንም ያዋጣ ይመስለዋል፡፡ እኔ በምሠራበት መስኮት በኩል ጣምራ ፊርማ ያለበት ሂሳብ በየቀኑ ያልፋል፤ ሁለት ሰው ካልፈረመ ገንዘቡ አይንቀሳቀስም፡፡ ለገንዘብ መልካም ጥበቃ ነው፡፡ ዓይን ግን በጣምራ ፊርማ አያይም፡፡

ጉዟችንን የምናካሂደው በዕድር ሕግ ነው፡፡ በዕድር የቀረ ይቀጣል፤ ድንኳን ውስጥ መታየት ግዴታ ነው፤ ለምን ቢባል ሐዘን ነውና፣ በሐዘን መካከል «እኔ ይህ አይጥመኝም» አይባልምና፡፡ ደግ ሕግ ነው፡፡ ነገር ግን ጉዞ ለቅሶ ነው እንዴ? ዕቁብንስ ለምን ረሳነው? በዕቁብ ሁሉም እኩል ይጥላል፤ የደረሰው ግን ያሻውን ይገዛበታል፡፡ አንዱ በሬ፣ አንዱ ቴሌቪዥን፣ አንዷ ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ፡፡ «ሁላችንም በሬ ካልገዛን ዕቁባችን ፈረሰ» ያለ ዳኛ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኩል ማዋጣትን ከእኩል መመኘት ለይተን የያዝንበት የራሳችን ሥርዓት እያለን፣ ሻንጣ በያዝን ቁጥር ወደ ድንኳኑ ሕግ እንመለሳለን፡፡

ሁለተኛው በሽታ በተለይ የእኛ፣ ማንበብ እንወዳለን የምንለው ሰዎች በሽታ ነው፡፡ የጉዞ ፍላጎትን በደረጃ እናስቀምጣለን፡፡ ገዳምና ብራና ከላይ፤ ፏፏቴ ከመካከል፤ አሣና ቢራ ከታች፤ ዝም ብሎ መቀመጥማ ከቁጥርም አይገባም፡፡ እኔም በዚያ ጉዞ ነጋዴውን «ሆዱን ይዞ የመጣ» እያልኩ ስቀልድበት ነበር፡፡ ታዲያ ማን ምን ይዞ ተመለሰ?

ነጋዴው አሣ በሚጠበስበት ዳርቻ ሁለት ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ቆሮሶን ከአምባዛ፣ አምባዛን ከነጭ አሣ መለየት ተማረ፡፡ ነጭ አሣ በክረምት ሊራባ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች እንደሚወጣ፣ በዚያች ሰዓት በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋው ሰው የመጪውን ዓመት አሣ አብሮ እንደሚያጠምድ ከአስጋሪዎች አፍ ሰማ፡፡ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ መረቡንና ጀልባውን እንዴት እንደሚያስር ሰማ፡፡ ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ፣ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ በሌላ እንደሚተካም ነገረኝ፡፡ እኔ በዚያው ሌሊት በጻፍኩት ግጥም ውስጥ ታንኳን «ከእንጨት ሆድ የወጣ» ብዬው ነበር! ብራና ላይ ያፈጠጠው ገጣሚ በዓይኑ ፊት የሚንሳፈፈውን ነገር አላየም፤ «ሆዱን ይዞ የመጣው» አየ፡፡

መምህሩም እንደዚሁ፡፡ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው ጢስ ዓባይ ሁላችንንም አስከትሎ ወሰደን፤ እኔ «ያን ያህልም አይደለም» እያልኩ ሳጉረመርም፣ እርሱ የውሃው መጠን ለምን እንደሚያንስ፣ የመጀመሪያው የኃይል ማመንጫ በ1950ዎቹ፣ ሁለተኛው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲሠራ ወንዙ ከገደሉ ወደ ተርባይን እንዴት እንደተጠለፈ ያስረዳ ነበር፡፡ ከሳሪስ ቤቶች አምፖል የሚገባው መብራት የፏፏቴው ጢስ የተከፈለበት ሊሆን እንደሚችል እዚያው ቆሜ ልገነዘብ ይገባኝ ነበር፡፡ አልተገነዘብኩም፤ እኔ በግድ የመጣሁ ነበርኩና ጆሮዬ ዝግ ነበር፡፡ በግድ ያለ ሰው አያይም፤ አብሮ የመጣውንም እንዳያይ ያውከዋል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያሳፍረኛል፡፡ ክብራን ከምትታወቅባቸው ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት አንዱ አራቱ ወንጌል ነው፡፡ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ፡፡ አንድን ሕይወት አራት ሰዎች በአራት ዓይን አይተው ጻፉት፡፡ አንዱ ከትውልድ ሐረግ ጀመረ፤ አንዱ ከምድረ በዳ፤ አንዱ ከካህኑ ዘካርያስ፤ አንዱ «በመጀመሪያ ቃል ነበረ» ብሎ ከሁሉ በፊት፡፡ ሦስት ለአንድ ድምፅ ሰጥተው አንድ ወንጌል አላወጡም፤ ቤተ ክርስቲያንም አራቱን አጨፍልቃ አንድ አላደረገችም፡፡ ለዚያ መጽሐፍ ክብር ስንል ነበር እንግዲህ አራተኛዋን ጀልባ ላይ ጥለን የወጣነው፡፡

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፡፡ «ከተለያያችሁ አብሮ መሄዱ ምን ረባ?» ትሉኛላችሁ፡፡ የሚረባውማ ማታ ነው፡፡ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ያዩ አራት ሰዎች ማታ ምን ይነጋገራሉ? «አየህ?» «አየሁ፡፡» በቃ፡፡ አራት ነገር አይተው በአንድ መሶብ ዙሪያ የተገናኙ ግን አራት ከተማ ይዘው ይመጣሉ፡፡ «ሴት ልጅ ብቻዋን በማታውቀው ከተማ?» ትሉኛላችሁ፡፡ እውነት ነው፤ ለደኅንነት ሲባል ሁለት ሁለት ሆኖ መዋል ይቻላል፤ ከእርሷ ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ ዳርቻው ላይ ተቀምጦ ለመዋል የከለከለኝ ትዕቢቴ እንጂ ሥጋት አልነበረም፡፡ «ለየብቻ ወጪው ይበዛል» ትሉኛላችሁ፡፡ አዎ፣ ጀልባው ይወደዳል፡፡ ግን የእርሷ ምኞት ስንት ብር ይፈጅ ነበር? ከአራታችን ምኞት ሁሉ ምንም ወጪ የሌለው የእርሷ ነበር፤ ሳይፈጸም የቀረውም የእርሷ ብቻ ነው፡፡

ከተመለስን በኋላ ስለ ክብራን የጻፍኩትን ግጥም ለሦስቱም አነበብኩላቸው፡፡ ወንዶቹ አጨበጨቡ፡፡ እርሷ እስክጨርስ አዳምጣ «ቆንጆ ነው፡፡ እኔ የት ነኝ?» አለችኝ፡፡ ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ፡፡ ከዚያ በኋላ ወደ ሐዋሳ ስንሄድ «ሥራ አለብኝ» አለች፡፡ ወደ ላንጋኖ ስንሄድም «ሥራ አለብኝ» አለች፡፡ ጠብ የለም፤ ስትገናኙ ሰላምታዋ ሙሉ ነው፤ በበዓል ቡና ታፈላልናለች፡፡ ከእኛ ጋር ግን መንገድ አትወጣም፡፡ ይሉኝታ የበዛበት ወዳጅነት እንዲህ ነው የሚቆረጠው፤ ድምፅ ሳያሰማ፡፡

እኔም «ሌላ ጊዜ እንክሳታለን» እል ነበር፡፡ «ሌላ ጊዜ» ማለት፣ በሙያዬ ቋንቋ፣ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ነው፡፡ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በጦርነቱ ምክንያት ያ ዐርብ ዕለት ተነሥተን እየዘፈንን የሄድንበት መንገድ ልብ ሞልቶ የማይኬድበት ሆነ፡፡ ግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ መምህራችን ፎቶግራፉን እያሳየን ስለ ድልድዩ ሲያብራራ፣ እርሷ ድልድዩን አላየችም፤ በጣቷ ከበስተጀርባ ያለውን ውሃ አመለከተችና «ይኼ ነው ሐይቁ?» አለች፡፡ አራት ቀን ዳርቻው ላይ ከርማ!

ስለዚህ ለዚያ ቡና ቤት ወዳጄ መልሴ ይኸው፡፡ አብሮ የሄደ አብሮ ይመለሳል፤ ከዚህ በላይ የገባው ቃል የለም፡፡ ብር እናዋጣ፣ ጀልባም እንጋራ፣ ማታ በአንድ ማዕድ እንቅረብ፤ ቀኑን ግን እንደ ዕቁብ ለየባለቤቱ እንተወው፡፡ ድምፅ መስጠት ካስፈለገም መጀመሪያ «በዚህ ውሳኔ ጀልባ ላይ የሚቀር አለ ወይ?» ብለን እንጠይቅ፡፡ ያለ እንደሆነ ሦስት ለአንድ ማሸነፍ ማሸነፍ አይደለም፡፡

ግጥሙን ቀደድኩት፡፡ መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ጣና ዳር አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብዬ አጠገቧ እቀመጣለሁ ብዬ ነግሬያታለሁ፡፡ «እናያለን» ብላኛለች፡፡

ቸር እንሰንብት፡፡