ገደል ማሚቶን የሚሸልም ዳኛ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ያገራችን ሰው ሲተርት። ምሳሌው የተነገረው ስለ ጌጥ ነው፤ ዛሬ ግን ከጌጥ ይልቅ ለዘፈን የሚስማማ ሆኖ ይታየኛል። በየከተማው የዘፈን ውድድር ይደረጋል። ወጣቶች ይሰለፋሉ፥ ዳኞች ይቀመጣሉ፥ ሕዝብ ያጨበጭባል፤ በመጨረሻም አንዱ ይሸለማል። የተሸለመው ወጣት የዘፈነው ግን ሌላው የገጠመውን ግጥም፥ ሌላው ያወጣውን ዜማ፥ ሌላው ባስለመደው ለዛ ነው። እንግዲህ የተሸለመው ማን ነው? ገደል ማሚቶም እኮ ድምፅዋ ያማረ ነው፤ የጠሯትን ሁሉ ሳታጓድል ትመልሳለች፤ ከራስዋ ግን አንዲት ቃል አውጥታ አታውቅም። ስለዚህ ክርክሬ አጭር ነው፤ የዘፈን ውድድር የሚባለው ነገር ዘፈንን የማያወዳድር ከሆነ፥ ወይ ስሙን ይለውጥ፥ ወይ ሥርዓቱን ያርም እላለሁ።

ይህን አሳብ ያሳደረብኝ አንድ ጉዞ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፥ በክልላችን በ2015 ዓ. ም. ማብቂያ የተነሣው ግጭት መንገዱን ሳያስጨንቀው፥ ጉዳይ ኖሮኝ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ስሄድ፥ ለውድድር ከሚጓዙ ወጣቶች ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ከመካከላቸው አንዱ ከማሻ የመጣ ነበር። መሰንቆውን በነጠላ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎታል። የቦረናን ምድር ለቀን ወደ ለጋምቦ ደጋ ስንወጣ ብርዱ በረታ፤ ተወዳዳሪዎቹም ድምፃቸው እንዳይዘጋ ጕረሮአቸውን በጋቢ እየሸፈኑ ዝም አሉ። አቀስታ ላይ አውቶቡሱ ተበላሽቶ ሌሊቱን እዚያው አደርን። ሦስት ሦስት እየሆኑ በአንድ አልጋ ተኙ፤ ለስንቅ የያዙትንም ቆሎ ተካፈሉ። ያ ልጅ ግን የመሰንቆው ቆዳ በእርጥበት ስለ ላላ ከቡና ቤቱ ምድጃ አስጠግቶ ሲያሞቀው፥ ጭራውንም እጣን ሲቀባ ቈየና መቃኘት ጀመረ።

ያን ሌሊት የሰማሁትን እስካሁን አልረሳሁም። ስለ ሾፌሩ ገጠመ፥ ስለ ብርዱ ገጠመ፥ ቡና ስለምታፈላልን ሴት ገጠመ። እርስዋም አፍራ ስትስቅ ሌሎቹ «ተቀበል!» እያሉ ግጥም አቀበሉት፤ እርሱም የሰጡትን ሁለት ቤት ካደረሰ በኋላ ከራሱ ሁለት ይጨምር ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዲት ልጅም እናትዋ በወፍጮ ላይ ሆና የምታንጐራጕረውን ዜማ ይዛ፥ ቃሉን ግን ከራስዋ እያወጣች መለሰችለት። ዳኛ የለ፥ መብራት የለ፥ ሽልማት የለ፤ ነገር ግን ውድድር ማለት ያ ነበር።

ደሴ እንደ ደረስን ጉዳዬን አቆይቼ ወደ አዳራሹ ተከትያቸው ሄድሁ። ተራው ደርሶ መሰንቆውን ሲያነሣ ከዳኞቹ አንዱ «የራስህን ተወው፥ የታወቀ ዘፈን አምጣ፤ ካልሆነ በምን እንመዝንሃለን?» አለው። ልጁ ደነገጠ። በሬዲዮ የሰማውን አንድ ዘፈን እያመነታ ዘፈነ፤ ከባለቤቱ ዘፈን ጋር ሲያስተያዩት አነሰ፤ «በርታ፥ ለሌላ ጊዜ» ተብሎ ተሰናበተ። ሲመለሱም አብሬአቸው ነበርሁና፥ ከመስኮቱ ዳር ተቀምጦ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ።

ሌሊቱን በሙሉ ድምፄን ስሰጣችሁ፥
ድምፅ የሚሰጠኝ ሰው እንዴት ጠፋባችሁ?

አንዱ ድምፅ የጕረሮ፥ አንዱ ድምፅ የምርጫ መሆኑን አንባቢ ያስተውለዋል። ዳኞቹ ይህን ሁለት ቤት ሳይሰሙ ቀሩ። «ጋሼ፥ የሰው ዘፈን ካልሆነ ዘፈን አይደለም ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ብዬ እንደምመልስለት አጣሁ። ኋላ ስለ እርሱ ባጠያይቅ፥ ከእህል ነጋዴ ዘንድ ተቀጥሮ ጆንያ ያነሣል አሉኝ። ጆንያ ማንሣት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሸክም የሚችል ትከሻ የነበረው ሰው ሁሉ የሌለውን ቃል እርሱ ታድሎ ሳለ፥ ቃሉን ዋጋ ማሳጣታችን ነው።

ይህ በወሎ ምድር መደረጉ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። የሙዚቃችን መሠረት ናቸው ከሚባሉት አራት ቅኝቶች፥ ከትዝታ፥ ከባቲ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፥ ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው። በየቅኝቱ ያሉት ድምፆች አምስት ብቻ ናቸው፤ በእነዚህ አምስት ድምፆች ላይ ማለቂያ የሌለው ዘፈን የተሠራው አዝማሪው በየቀኑ አዲስ ቃል ስላመጣባቸው ነው። መንዙማው፥ የሠርግ ዘፈኑ፥ ሽለላው፥ ጐሕ ሳይቀድ በየደጁ የሚያዜሙት የላሊበሎች ልመና፥ ሁሉም የቆመው ለሰዓቱና ለሰውዬው በሚስማማ ቃል ነው። አዝማሪ የሚለው ስም ራሱ «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ እኛ ግን ስድብ አደረግነው። ስሙን ስድብ ካደረግን በኋላ ልጁ የአባቱን መሰንቆ ለመውረስ ቢያፍር ምን ያስደንቃል?

የቃሉን ኃይል እኛ ብንንቀው ጠላት አልናቀውም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ. ም. በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችን፥ ባሕታውያንንና በየአገሩ የሚዞሩ አዝማሪዎችን እያደኑ እንዲያጠፉ ማዘዙ በታሪክ ተመዝግቧል። ልብ እንበል! አንድን ሰው ድምፁ ስላማረ ብቻ የሚገድል ወራሪ የለም። የተፈራው ጕረሮው ሳይሆን፥ ከገበያ ወደ ገበያ ይዞት የሚዞረው አዲስ ቃል ነበር።

በዚህ ላይ የሚቃወሙኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አንደኛው ወገን «ወጣት መማር የሚጀምረው በመምሰል ነው፤ የጥላሁንን፥ የአስቴርን ዘፈን ሳይለማመድ እንዴት የራሱን ያወጣል?» ይላል። እውነት ነው፤ መምሰል የትምህርት መጀመሪያ ነው። ነገር ግን የቅኔ ቤታችንን ሥርዓት እንመልከት። ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፥ ይቈጥራል፥ ከዚያ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሲቀኝ ግን የመምህሩን ቅኔ ደግሞ ቢያመጣ ይመሰገናልን? ይዋረዳል እንጂ። ቅኔ በተባለ ቁጥር አዲስ መሆን አለበት። ከወሎ ከዋድላ የወጡት የቅኔ መምህራን ስመ ጥር የሆኑት የሰው ቅኔ በመድገም አይደለም። እንግዲህ መምሰል ለመማሪያ ቤት ይሁን፤ ለሽልማት አደባባይ ግን ፍጥረት ይጠየቅ።

ሁለተኛው ወገን «ሕዝቡ የሚወደው የሚያውቀውን ዘፈን ነው» ይላል። ይህን የሚለው ሰው አዝማሪ ባለበት ቤት ያላመሸ መሆን አለበት። ሰው ገንዘቡን አውጥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ የሚለጥፈው የሚያውቀውን ሲሰማ አይደለም፤ ያልጠበቀውን፥ ስለ ራሱ የተባለውን፥ ሰሙ ለሁሉ ወርቁ ግን ለአስተዋይ የሆነውን ሲሰማ ነው።

ሦስተኛው ወገን «ራሳችሁ ግጠሙ ከተባለ ውዳሴና ስድብ ብቻ ይመጣል» ይላል። ይህኛው ታሪክ ስለሚደግፈው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ከ1966 ዓ. ም. አብዮት በኋላ የኪነት ቡድኖች ከቀበሌ ጀምሮ እስከ ክፍለ ሀገር ድረስ ተቋቁመው ይዞሩና ይወዳደሩ ነበር። አዲስ ዘፈን ተደርሷል፤ ነገር ግን ብዙው በትእዛዝ ስለ ተደረሰ ከትእዛዙ ጋር አለፈ። ሆኖም ከዚያው ሥርዓት የወሎው የላሊበላ ኪነት ቡድን ወጥቷል፤ የአምባሰል ንግሥት የምትባለውን ማሪቱ ለገሠንም አፍርቷል። የቀረልን ለትእዛዙ የተዘፈነው ሳይሆን፥ ከአገሩ አፈርና ከባለቤቱ ልብ የወጣው ነው። ከዚህ የምንማረው «አታስገጥሙ» የሚለውን ሳይሆን «አታዝዙ» የሚለውን ነው።

የዛሬዎቹን ውድድሮች በጅምላ መንቀፍ አልፈልግም። ባላገሩ አይድልን የመሰሉት ዳዊት ጽጌን የመሰለ ድምፃዊ ለሕዝብ አስተዋውቀዋል፤ ለድሀ ልጅ በር መክፈትም ቀላል ውለታ አይደለም። ነገር ግን በሩ የተከፈተው ለድምፅ ብቻ ከሆነ፥ ነገ ድምፃዊ ሞልቶን ዘፈን እናጣለን። ገጣሚና የዜማ ደራሲ ከየት ይመጣል? ጕድጓድ ሳይቈፍሩ እንስራ ማብዛት ውሃ አያመጣም።

የውጭውን ዓለም መመልከት ለሚወድ ሰውም ምስክር አይታጣም። በአውሮጳ ሰባት አገሮች በ1956 እ. ኤ. አ. በስዊስ አገር በሉጋኖ ከተማ የጀመሩት የዩሮቪዥን ውድድር ከመጀመሪያው የታሰበው ዘፈኑን ለማወዳደር ነው፤ ዘፈኑም አዲስ እንዲሆን ደንቡ ያስገድዳል። ስዊድኖች ለዚሁ የሚልኩትን ዘፈን የሚመርጡበትን ውድድር ከ2002 እ. ኤ. አ. ጀምሮ ከከተማ ወደ ከተማ እያዞሩ ማካሄድን ልማድ አድርገዋል፤ ውድድሩ ወደ ሕዝቡ ይሄዳል ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን በስፔይንና በፈረንሳይ ድንበር ያለው የባስክ ሕዝብ ነው። እነዚህ ሰዎች ቤርጾላሪ የሚባሉ፥ እንደኛ አዝማሪ በቆሙበት ግጥም የሚያወጡ ዘፋኞች አሏቸው። ጉዳዩ በመድረኩ ላይ ይነገራቸዋል፤ በጥቂት ቅጽበት ውስጥ ቤቱ የገጠመ ግጥም በዜማ ማውጣት ግዴታቸው ነው። ውድድሩ በ1935 እ. ኤ. አ. ተጀምሮ አሁን በየአራት ዓመቱ ይደረጋል፤ ለመጨረሻው ቀን ከ10 ሺህ የሚበልጥ ሰው ይሰበሰባል። ሽልማቱ ባርኔጣ ነው፤ በ2009 እ. ኤ. አ. ባርኔጣውን ማያለን ሉሃንቢዮ በመድፋት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች። ቋንቋቸው ከእኛ በጣም ባነሰ ሕዝብ የሚነገር ነው፤ ሆኖም ቃለኛውን ከድምፀኛው ለይተው ማክበር አልከበዳቸውም። እኛ «ተቀበል» የሚል ሥርዓት ከአባቶቻችን ወርሰን ሳለ፥ ዳኞቻችን «የራስህን ተወው» ይላሉ!

ነገሩ የክብር ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወቱ ዘመንና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ነገር ግን ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና በጽሑፍ፥ በቅጂ ወይም በሌላ መንገድ ግዙፍ ሆኖ ሲገኝ ነው። እንግዲህ በአቀስታ ምድጃ ዳር የተባለው ግጥም የማን ነው? ማንም ሰምቶ ከተማ ወስዶ ቢያስቀርጸው ባለመብት ሆኖ ይታያል፤ የማሻው ልጅ ግን በራሱ ግጥም «የሰው ዘፈን ዘፈንህ» ሊባል ይችላል። ውድድሩ አዲስ ሥራ ጠይቆ፥ ቀርጾና ስም ጽፎ ቢይዝለት ኖሮ፥ ባይሸለም እንኳ የጉልበቱን ውጤት ይዞ በተመለሰ ነበር።

ስለዚህ የውድድር አዘጋጆችና የባህል ጉዳይ ኀላፊዎች የሚከተለውን ቢያስቡበት መልካም ነው እላለሁ። መጀመሪያ፥ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ቢያንስ በአንዱ ዙር ራሱ የገጠመውን ያቅርብ፤ በሌላውም ዙር ጉዳዩን ሕዝቡ፥ ቅኝቱን ዕጣ ይስጠውና በቆመበት ያውጣ። ሁለተኛ፥ ከዳኞቹ መካከል ያረጀ አዝማሪና የቅኔ ዐዋቂ አይታጡ፤ ቃልን የማይመዝን ሰው ዘፈንን ሊመዝን አይችልምና። ሦስተኛ፥ የሰው ዘፈን የሚዘፍን ሰው የገጣሚውንና የዜማ ደራሲውን ስም አስቀድሞ ይጥራ። አራተኛ፥ የቀረበው አዲስ ሥራ ሁሉ ተቀርጾ ለባለቤቱ ማስረጃ ይሰጠው፤ አንድ ቅጂም በቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። አምስተኛ፥ ሰላም ሲሆን፥ ውድድሩ ራሱ ይዙር፤ ከመካነ ሰላም፥ ከአማራ ሳይንት፥ ከወግዲና ከከላላ ገበያ ይጀምር እንጂ፥ ልጁ ቆሎውን ቋጥሮ፥ በብርድ አድሮ፥ ለአምስት ደቂቃ ፈተና ደሴ ድረስ አይንከራተት። የሚጓዘውም ቢሆን ማደሪያና ምግብ ይሰናዳለት።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጆሮ ነው። ዛሬ በየደጋው መሰንቆ የሚይዙ ሽማግሌዎች እየቀነሱ ይሄዳሉ። እነርሱ ሲያልፉ ዘፈኖቻቸው በቅጂ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ዘፈን የማውጣቱ ጥበብ ግን በቅጂ አይቀርም፤ ከሰው ወደ ሰው፥ በማበረታታትና በመሸለም ብቻ ይተላለፋል። ገደል ማሚቶም ብትሆን የምትመልሰው የሚጣራ ሰው እስካለ ድረስ ነው። የሚጣራው ሰው ሲጠፋ ገደሉ ብቻ ይቀራል። ዳኞች ሆይ፥ ሽልማቱን ለሚጣራው ስጡት!