ከፊርማ በፊት አንድ ጥያቄ፦ «የማን ሰው ነህ?»

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቧንቧቸውን ጠቅልለው ከሄዱ በኋላ ያለው ሰዓት፣ በአሜሪካ ቤት ለገዛ ስደተኛ እጅግ ከባድ ሰዓት ነው። ልጆቹ ጎረቤት ቤት ተኝተዋል፤ ወጥ ቤቱ ከስሏል፤ ቤዝመንቱ ውኃ ሞልቶታል። የሞርጌጁ ክፍያ ግን ቀኑን ጠብቆ መምጣቱ አይቀርም። በዚህ ድንጋጤ መካከል በር ላይ ሰዎች መቆም ይጀምራሉ። አንዳንዴ ቀድሞ የሚደርሰው የእሳት አደጋ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ያደረ ፐብሊክ አጀስተር ነው፤ «ለእናንተ ነው የምሠራው፣ እዚህ ላይ ፈርሙ» ይላል። በማግስቱ ወይም በሰልስቱ ደግሞ የኢንሹራንስ ኩባንያው የላከው አጀስተር ሜትርና ካሜራ ይዞ ይመጣል።

ብዙ ወገኖች በዚህ ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ላይ ይወድቃሉ። አንዱ ደንግጦ ያላነበበውን ውል ይፈርማል። ሌላው ይሉኝታ ይዞት፣ ኩባንያው የሰጠውን የመጀመሪያ ቼክ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀብሎ ነገሩን ይዘጋል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ «ይህ ሰው የማን ሰው ነው? ደመወዙንስ የሚከፍለው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው።

አጀስተር ማለት ጉዳቱን አይቶ የሚከፈለውን ገንዘብ የሚገምት ባለሙያ ነው። ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው የኢንሹራንስ ኩባንያው ቋሚ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው «ኢንዲፔንደንት» ይባላል፤ ስሙ ገለልተኛ ቢያስመስለውም ኩባንያው የሚቀጥረውና የሚከፍለው ነው። ሦስተኛው ፐብሊክ አጀስተር ነው፤ በስሙ የመንግሥት ሠራተኛ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ግን አይደለም። ባለቤቱ ራሱ የሚቀጥረው፣ ከሚገኘው ክፍያ ላይ በመቶኛ የሚወስድ የግል ባለሙያ ነው። ኩባንያው የሚልከው ሰው ጨዋና ትሑት ሊሆን ይችላል፤ ቡና ቢቀርብለትም ይጠጣል። ያም ሆኖ የሚሠራው ለላከው ነው።

እዚህ ላይ ይሉኝታ ቦታ የለውም። እድር ለተቸገረ ሰው ሲደርስ ምስጋና ይገባዋል፤ ፍቅርና መተሳሰብ ነውና። ኢንሹራንስ ግን በየወሩ ዋጋው የተከፈለበት ውል ነው። በውሉ መሠረት የሚገባን መጠየቅ ስግብግብነት አይደለም፤ ለመጠየቅ ማፈርም ጨዋነት አይደለም።

የመጀመሪያው ግምት የሚጎድልበት ምክንያትም ሁልጊዜ ተንኮል አይደለም። በአንድ ሰዓት ጉብኝት ግድግዳ ውስጥ የሰረገ ውኃ፣ ማሞቂያው ቱቦ ውስጥ የገባ ጥቀርሻ አይታይም። ሌላው ምክንያት የሒሳቡ አሠራር ነው። ብዙ ፖሊሲዎች መጀመሪያ የሚከፍሉት ዕቃው ወይም ጣራው ከእርጅና በኋላ ያለውን ዋጋ ነው፤ ፖሊሲው ሙሉ የመተኪያ ዋጋ የሚሸፍን ከሆነ፣ የተቀነሰው የሚመለሰው ሥራው ተሠርቶ ደረሰኝ ሲቀርብ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የመጀመሪያውን ቼክ የመጨረሻ አድርጎ ይወስደዋል፤ የሚቀረውን ሳይጠይቅ ጊዜው ያልፍበታል። በጥገናው ወቅት አዲስ ጉዳት ቢገኝም ተጨማሪ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል። አደገኛው ነገር «ሌላ አልጠይቅም» በሚል ወረቀት ላይ መፈረም ነው።

ታዲያ ፐብሊክ አጀስተር ይጠቅማል ወይ? ጉዳቱ ከባድ ሲሆን ይጠቅማል። የፍሎሪዳ ምክር ቤት የጥናት ቢሮ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ሲቲዝንስ በተባለው የስቴቱ የመድን ድርጅት ዘንድ ፐብሊክ አጀስተር የቀጠሩ ባለቤቶች ካልቀጠሩት የበለጠ ክፍያ ማግኘታቸውን፣ ጉዳያቸው ግን የበለጠ ጊዜ መውሰዱን ገልጿል። በእርግጥ ባለሙያ የሚቀጥረው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ የከበደበት ሰው ስለሆነ፣ ልዩነቱ ሁሉ የአጀስተሩ ሥራ ነው ማለት አይቻልም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይበጃል። ኩባንያው 40,000 ዶላር እከፍላለሁ ብሎ በጽሑፍ ያሳወቀው አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። 10 በመቶ የሚወስድ ፐብሊክ አጀስተር ቀጥሮ ክፍያው 60,000 ቢደርስ፣ 6,000 ከፍሎ 54,000 ይቀረዋል፤ 14,000 አተረፈ ማለት ነው። ክፍያው 43,000 ብቻ ቢደርስ ግን 4,300 ከፍሎ የሚቀረው 38,700 ነው። ማንንም ሳይቀጥር ሊያገኝ ከሚችለው 1,300 ዶላር ጎደለበት። ስለዚህ ኩባንያው አስቀድሞ ዋጋ ካቀረበ፣ የአጀስተሩ ድርሻ ከተጨመረው ገንዘብ ላይ ብቻ እንዲታሰብ መደራደር ተገቢ ነው። በዚህ የማይስማማ ሰው፣ በራሱ ሥራ ምን ያህል እንደሚተማመን ያሳያል።

የክፍያው ጣሪያ እንደ ስቴቱ ይለያያል። ቴክሳስ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይወሰድ ይከለክላል። ፍሎሪዳ በተለመደው ጊዜ 20 በመቶ፣ ገዥው የአስቸኳይ ጊዜ ባወጀበት አደጋ ደግሞ ለአንድ ዓመት 10 በመቶ ጣሪያ አድርጓል። ካሊፎርኒያ ከትልቅ አደጋ በኋላ ለ7 ቀናት ፐብሊክ አጀስተሮች ደንበኛ እንዳያግባቡ ከልክላለች፤ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አልታዲናና ፓሊሴድስ በእሳት በወደሙ ጊዜም የስቴቱ የመድን መሥሪያ ቤት ይህንኑ አስታውሷል። ሕግ አውጪዎች የተገነዘቡት አንድ ነገር አለ፤ ቤቱ ገና የሚጨስበት ሰው ለመፈረም ብቁ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሌሊት የተፈረመ ውል ብዙ ያስለቅማል።

ባለሙያ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። በረዶ የሰበረው መስኮት፣ አንድ ክፍል ያበላሸ የቧንቧ ውኃ፣ ጉዳቱ ግልጽ የሆነ ነገር ሁሉ በባለቤቱ ትጋት ያልቃል። ኩባንያው «ይህን ጉዳት ፖሊሲው አይሸፍነውም» ብሎ ጭራሽ የካደ እንደሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው ጠበቃ ነው፤ ፐብሊክ አጀስተር ፍርድ ቤት ቆሞ አይከራከርም። ጎርፍም የተለየ ነገር ነው፤ ተራ የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን ስለማይሸፍን፣ የጎርፍ ፖሊሲ ያልገዛን ሰው አጀስተር አያድነውም።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ፣ ሜሪላንድም ቨርጂንያም ዲሲም ፐብሊክ አጀስተር ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳሉ። ፈቃዱን በየስቴቱ የመድን መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ይቻላል። ከኩባንያው ጋር አለመግባባት ሲፈጠር እነዚሁ መሥሪያ ቤቶች አቤቱታ በነፃ ይቀበላሉ፤ 10 በመቶ የሚከፍል ሰው አስቀድሞ ይህን በር ቢያንኳኳ ምንም አይጎዳም። ከኮንትራክተሩ ጋር በጥቅም የተያያዘን አጀስተር መራቅ፣ ውሉ በስንት ቀን ውስጥ ሊሰረዝ እንደሚችል ማንበብ፣ ቼኩ በማን ስም እንደሚወጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤቱ ዕዳ ካለበት በቼኩ ላይ የባንኩ ስም ሊታከል እንደሚችልም ማወቅ ይገባል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ግን የ12 ዓመት ልጅ ለአባቱ አስተርጓሚ ሆኖ ስለ ጣራና ስለ ሺህ ዶላሮች ሲያስረዳ ማየት ነው። ልጅ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የፖሊሲ ቋንቋ ሊተረጉም አይችልም። ከኩባንያው አስተርጓሚ መጠየቅ፣ የተባለው ሁሉ በጽሑፍ እንዲሰጥ ማሳሰብ፣ ያልገባን ወረቀት ለነገ ማሳደር ነውር የለውም። በአፍ ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ጊዜ የተነገረ ይመስላል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ሥራው ከአደጋው በፊት ይጀመር። ቤት ያለውም ተከራዩም፣ ምግብ ቤት የከፈተውም፣ እያንዳንዱን ክፍልና ዕቃ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ከቤት ውጭ የሚገኝ ቅጂ ያስቀምጥ። የኮሙኒቲ ማኅበራት፣ ቤተ ክርስቲያናትና መስጊዶች በዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፖሊሲ የሚያነብ ሰው ጋብዘው ለአባሎቻቸው ቢያስረዱ፣ ቤት ለተቃጠለበት ሰው ከሚሰበሰበው መዋጮ ያላነሰ እርዳታ ይሆናል። መዋጮው የአንድ ወር ኪራይ ይሸፍን ይሆናል፤ በሚገባ የተጠየቀ ኢንሹራንስ ግን ቤቱን መልሶ ያቆማል። ያ ዕውቀት ያለው ሰው፣ በዚያች ክፉ ሌሊት በሩ ላይ ለቆመው ሁሉ መልሱ አጭር ነው፤ «የማን ሰው ነህ? ወረቀቱን ተውልኝ፤ ነገ አንብቤ እመልስልሃለሁ።»