ዓሣውን አጥምዱ፣ ዕድሉን ግን አትግዙ



ስለ ስልክ ጌም በጀመዓችን የሚሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ሁሉም ሐራም ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ ሌላው «ጌም አይደል፣ ምን አለበት?» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ለሚጫወተው ወንድም ወይም እህት አይጠቅሙም። የመጀመሪያውን ተጫዋቹ አይሰማውም፤ ሁለተኛው ደግሞ ተጫዋቹን ከምንም አይጠብቀውም። ስለዚህ በዶርም ከሚዘወተሩት አንዱን፣ ጌንሺን ኢምፓክትን፣ ይዤ የትኛው ክፍሉ ከጊዜ ማሳለፊያ እንደማያልፍ፣ የትኛውስ ገንዘባችንንና ሶላታችንን እንደሚነካ ለይቼ ልናገር።

ጌሙ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 በቻይናው ሚሆዮ ኩባንያ የወጣ ነው። ማውረዱ በነፃ ነው፤ ተጫዋቹ በሰፊ ዓለም ውስጥ እየዞረ ተራራ ይወጣል፣ ይዋጋል፣ ያበስላል፣ ዓሣ ያጠምዳል።

ከዓሣው ልጀምር። አድቬንቸር ራንካችሁ 30 ሲደርስ ማጥመድ ይፈቀድላችኋል። ዋናው ደንብ እያንዳንዱ የዓሣ ዘር የራሱ መብል እንዳለው ማወቅ ነው። ጎልደን ኮይና ረስቲ ኮይ የሚነክሱት ሰው ሠራሽ ዝንቡን ነው። ራይሜ ኤንጀልፊሽ ግን ሰው ሠራሽ ትሉን ይፈልጋል፤ የሚወጣውም በጌሙ ሰዓት ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ብቻ ነው። እሱን ለመያዝ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሰዓቱን ከሜኑው ማዞር ይቻላል። ዓሣው ሲነክስ ቁልፉን ጫን ለቀቅ እያደረጋችሁ ጠቋሚውን በክልሉ ውስጥ አቆዩት። 20 ጎልደን ኮይ፣ 20 ረስቲ ኮይና 6 ራይሜ ስታስረክቡ የኢናዙማ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር «ዘ ካች» የተባለውን ጦር ይሰጣችኋል። ይህ ጦር ለሺያንግሊንግ ከሚመረጡት መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ እሷም የስፓይራል አቢስን ሦስተኛ ፎቅ ለጨረሰ ሁሉ በነፃ ትሰጣለች። አንድ ብር ሳይወጣ ጠንካራ ተዋጊ ከነጦሩ ተገኘ ማለት ነው።

የዓሣው ሌላ ጥሩ ጎን አለው፤ ኩሬው ያልቃል። የተጠመደው ዓሣ የሚመለሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ኩሬው ራሱ «በቃህ፣ ሂድ» ይላል።

ወደ ቴሌፖርቱ ልለፍ። ካርታው ላይ አንድ ነጥብ ነክታችሁ ሩቅ አገር መድረስ የምትችሉት መጀመሪያ በእግራችሁ ሄዳችሁ ያንን ነጥብ ካበራችሁት ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ክፍለ አገር ስትገቡ ከዓሣው በፊት ነጥቦቹን አብሩ። ኩሬዎቹን በፒን ምልክት አድርጉባቸው። ከነጥብ ርቆ ላለ ኩሬ ተንቀሳቃሽ የቴሌፖርት ነጥብ አለ፤ ተክላችሁት 7 ቀን ይቆያል። እንዲህ የተዘጋጀ ሰው ከመግሪብ በኋላ የጀመረውን ዙር ኢሻ ሳይገባ ይጨርሳል። ያልተዘጋጀው ግን መንገድ ሲፈልግ ያመሻል፤ ጀመዓውም ያመልጠዋል። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ በአንድ ምሽት ሰባት አገር ቢዞሩም ሙሳፊር አያሰኝም፤ ኢሻ አራት ረከዓ ናት!

በእግር ያልተደረሰበት አገር በካርታ እንደማይነካ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙስሊም ነጋዴዎች ከባሶ ገበያ ተነስተው ወደ እናርያና ወደ ጅማ ሲወርዱ ዓባይን የሚሻገሩት በበጋ፣ ውኃው ሲጎድል ነበር። ክረምት ከገባ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። ከሞጣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዓባይ ላይ ያለው፣ ከዐፄ ፋሲል ዘመን የቆየው ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ፤ ሰዉም ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር።

ዛሬ አባት ከሞጣ ወይም ከቢቸና የሚልከው ገንዘብ በቴሌብር በአንድ ደቂቃ ይደርሰናል። ገንዘቡ በቴሌፖርት መጣ፤ የተገኘው ግን በእግር ነው። ጤፍ ታጭዶና ተወቅቶ፣ ወይም ጨርቅ በገበያ ቀን ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ነው። ጌሙ ውስጥ ያለው አደጋም እዚህ ገንዘብ ላይ ነው የሚያነጣጥረው።

አደጋው «ዊሽ» የሚባለው ነው። በ160 ፕሪሞጀም አንድ ዕጣ ታወጣላችሁ። ባለ አምስት ኮከብ ገጸ ባሕርይ የመውጣቱ ዕድል 0.6 በመቶ ነው፤ ካልወጣ በ90ኛው ዕጣ ግዴታ ይሰጣል፤ እሱም ቢሆን የምትፈልጉት ላይሆን ይችላል። በ99.99 ዶላር የሚሸጠው ትልቁ ጥቅል 8,080 ይሰጣል፤ ያ 50 ዕጣ ነው። ስታትስቲክስ የወሰደ ሁሉ ማስላት ይችላል፤ 0.994ን 50 ጊዜ በራሱ ብታባዙ 0.74 ይመጣል። ቆጠራውን ከዜሮ የሚጀምር ሰው መቶ ዶላር ከፍሎ አንድም ባለ አምስት ኮከብ ላለማግኘት ያለው ዕድል 74 በመቶ ነው ማለት ነው። መቶ ዶላር ደግሞ ለእኛ ተማሪዎች ስንት ወር እንደሚያኖር እናንተ ታውቃላችሁ።

«ሁልጊዜ አንድ ነገር ይወጣል፤ ስለዚህ ቁማር አይደለም» የሚሉ አሉ። የሚወጣው በብዛት ማንም የማይፈልገው ባለ ሦስት ኮከብ መሣሪያ ነው። ማንም ለእሱ ብሎ አይከፍልም፤ የሚከፈለው ለዕድሉ ነው። ገንዘብ ሰጥቶ ይድረሰኝ አይድረሰኝ የማይታወቅ ነገር መጠበቅ ደግሞ የመይሲር መልክ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ መይሲርን ሲከለክል ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ የጠቀሰው ከዚክርና ከሶላት ማገዱን ነው። ሙስሊም ያልሆኑት መንግሥታትም ነገሩን አይተውታል። ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለውን የሚከፈልበት ዕጣ በቁማር ሕጓ ሥር አደረገችው። በጥር 2025 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከዚሁ ጌም አከፋፋይ ጋር በ20 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ላይ ደረሰ፤ ዕድሜያቸው ከ16 በታች ለሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ዕጣ እንዳይሸጥም ተስማሙ። እነሱ ለልጆቻቸው የፈሩትን እኛ ለራሳችን ብንፈራ አክራሪነት አይደለም።

በጨዋታ ብቻ በተገኘ ፕሪሞጀም ዕጣ ማውጣት ገንዘብ ከሚከፈልበት ይለያል። ሆኖም ዓይንን የሚያለማምደው ለዚያው ነገር ነውና መጠንቀቁ ይሻላል። በጌሙ ውስጥ ስላሉት የአማልክት ሐውልቶችና ታሪኮች ያለው ጥያቄ ደግሞ የዓቂዳ ጥያቄ ስለሆነ በተማሪ ጽሑፍ አይፈታም፤ ለኡስታዞች ይቅረብ። ልባችሁ ከከበደው ጌሙን መተው ማንንም አልጎዳም።

በሱረቱል አዕራፍ የተነገረውን የባሕር ዳር መንደር ሰዎች አስታውሱ። ዓሣው ወደ እነሱ የሚጎርፈው በተከለከሉበት በሰንበት ቀን ነበር፤ በሌላው ቀን አይመጣም። ፈተናው ዓሣው አልነበረም፣ ሰዓቱ እንጂ። ጌሙም ሰዓት አለው። የዕለቱ ሥራ በአውሮፓ ሰርቨር የሚታደሰው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ 24 ሰዓት አላችሁ። እስከ ሌሊት ስምንት ሰዓት አምሽቶ ሱብሒን የሚያሳልፍ ሰው በጌሙ ደንብ እንኳ የተገደደበት ነገር የለም። ሱብሒን ስገዱ፣ ቁርኣናችሁን ቅሩ፣ ክፍል ግቡ፤ ዓሣው ከዐስር በኋላም እዚያው ነው።

ለጀመዓችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በመጪው ሳምንታዊ ደርስ ስለ መይሲር ሲነሳ የካርታና የስፖርት ውርርድ ብቻ አይነሳ፤ የስልክ ዕጣም ይጨመርበት። ለሚጫወቱትም አንድ ምክር አለኝ፤ የ«ግዛ» ቁልፍ ላይ ጣታችሁ ሲያርፍ ኩሬው የሚጠብቀውን ያህል፣ ሦስት ቀን፣ ጠብቁ። ከሦስት ቀን በኋላም ገንዘቡን ማውጣት ካማራችሁ፣ ግማሹን ለሶደቃ ሳጥኑ፣ ግማሹን ለቤት ስልክ መደወያ አድርጉት። ወላሁ አዕለም።