300 ሺህ ኪሎ ሜትር የተጓዘ ጉልበታም መኪና ዋጋው በምን ይተመናል?

ባሕር ዳር፦ መኪና በአገራችን መጓጓዣ ብቻ አይደለም፤ ጥሪት ማስቀመጫም ነው። ነጋዴው ትርፉን፣ አርሶ አደሩ የምርቱን ሽያጭ፣ ከስደት የተመለሰውም ቁጠባውን በመኪና ሲያስቀምጥ ይስተዋላል። በዚህ ምክንያት ያገለገለ መኪና ያለ ዋጋው ሲሸጥም ሆነ ሲገዛ የሚናጋው የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ልፋት ነው። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ ትልቅ ሞተር በተሸከሙና ብዙ በሮጡ መኪኖች ላይ ነው። በተለምዶ «ቪ-ኤይት» የሚባለውን ላንድ ክሩዘር እንደ አብነት እንውሰድ።

ገበያውን እዚህ ያደረሱት ተከታታይ የመንግሥት ውሳኔዎች ናቸው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ፤ በ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውጤቱ ግልጽ ነው፦ አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና ምትክ የማይገባለት ዕቃ ሆነ፤ የመለዋወጫው ዋጋም ከዶላሩ ጋር ናረ። የኤሌክትሪክ መኪና በከተማ ቢበረክትም መሙያ ጣቢያ በሌለበት ወረዳ የሚኖር ሰው ፊቱን ከነዳጅ መኪና ገና አላዞረም።

እዚህ ላይ ብዙ ሻጭ የሚስተው ነገር አለ። ከስድስት ዓመት በፊት የተገዛ መኪና ዛሬ እጥፍ ብር ቢያወጣ የግድ አተረፈ ማለት አይደለም፤ የረከሰው ብሩ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተገዛበትን ዋጋ መነሻ አድርጎ መተመን ትርጉም የለውም። መጠየቅ ያለበት በዛሬው ገንዘብ ተመሳሳይ መኪና በስንት እንደሚተካ ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚለጠፈው ዋጋም ምኞት እንጂ ሽያጭ አይደለም። የሚያዋጣው ውል የታሰረበትን ዋጋ ማጣራት ነው።

በናፍጣ የሚሠራው የላንድ ክሩዘር 200 ሞተር 4.5 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደርና ሁለት ቱርቦ አለው። ቱርቦው ለደጋው አገር ጥቅሙ የጎላ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚልቅ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ቱርቦ ያለው ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ዳገቱን ይወጣል። ሆኖም ይኸው ቱርቦ፣ ዘይት በጊዜው ካልተቀየረለት፣ ቀድሞ የሚያልቅ ክፍል ነው። በጠዋት ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ መኪና ዘይት እያቃጠለ ነውና ከዋጋው ብዙ ሊቀነስለት ይገባል።

ኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን በጭፍን ማመን አይገባም፤ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላልና። 15 ዓመት የሠራ መኪና 90 ሺህ ብቻ ካሳየ በቀን 16 ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዟል ማለት ነው። የፍሬን መርገጫው ጎማ ተልጦ፣ መሪው አብረቅርቆ፣ የሾፌሩ ወንበር ጎድጉዶ ሳለ ይህ አይታመንም። በጸሐፊው እምነት 300 ሺህ የተጓዘ ነገር ግን የጋራዥ ደረሰኙ በፋይል የተያዘ መኪና፣ ታሪኩ ካልታወቀ ባለ 120 ሺህ መኪና የተሻለ ዋጋ ይገባዋል። ዋናው የረጅም መንገድ ጉዞ ወይስ የጠጠር መንገድ ድካም ነው የሚለው ነው፤ በመስክ ሥራ የኖረ መኪና ከሥር፣ ከኩሽኔታና ከባልስትራ በኩል ይመርመር።

ለስሌት ያህል፣ ተመሳሳይ መኪኖች በ6 ሚሊዮን ብር እየተሸጡ ነው እንበል። ይኸኛው ቱርቦው ሊታደስ፣ አራት ጎማ ሊቀየርለትና ፍሬኑ ሊሠራ በጋራዥ ግምት 500 ሺህ ብር ከጠየቀ፣ ተገቢ ዋጋው 5 ሚሊዮን 500 ሺህ አካባቢ ነው። ሻጭ ለድርድር ጥቂት ጨምሮ ቢጀምር አይነቀፍም። ጥገናውን ራሱ አድርጎ ወጪውን ሙሉ በሙሉ ከገዢ ለማስመለስ ማሰብ ግን ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ገዢ በጥሩ ሁኔታ ላለ መኪና የሚጨምረው ከወጣው ወጪ ያነሰ ነውና።

ዋጋ ከተቆረጠ በኋላም ሊብሬው ላይ ያለው የሻሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳከር አለበት። የባንክ ዕዳ እገዳ ያለበት መኪና እገዳው ሳይነሣ ስም አይዛወርም። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት መኪናው የተመዘገበበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ፋይሉን ማጣራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።