የፋኖሱና የወፊቱ ታሪክ

ሰው ከጠላቱ ይጠበቅ ዘንድ የሚያይ ዓይን፥ የሚሰማ ጆሮ፥ የሚያሸት አፍንጫ ተሰጥቶታል። ዳሩ ግን መልክም ድምፅም ሽታም የሌለው ጠላት በመጣበት ጊዜ እነዚህ ሁሉ አይረዱትም። ከእንዲህ ያሉት ጠላቶች አንዱ መርዘኛና ፈንጂ ጋዝ ነው። ጋዝ ስንልም ለመብራት የሚነደውን ላምባ ሳይሆን እንደ አየር የሚናኘውን ነገር ማለታችን ነው።

በሰሜን እንግሊዝ፥ ፌሊንግ በሚባል ስፍራ፥ በአንድ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1812 ዓ.ም. የተነሣው ፍንዳታ የ92 ሰዎችን ሕይወት አጠፋ፤ ከሟቾቹም መካከል ለጋ ልጆች ነበሩ። ከከሰሉ የሚወጣው ሜቴን የተባለው ጋዝ በአየሩ ውስጥ ከመቶ ከ5 እስከ 15 እጅ በሆነ ጊዜ እሳት ካገኘው ይፈነዳል። ሠራተኞቹ ደግሞ ያለ መብራት መሥራት አይችሉም ነበርና ለብርሃን የያዙት እሳት መጥፊያቸው ይሆን ነበር።

ሰር ሐምፍሪ ዴቪ የተባለው ሊቅ በ1815 ዓ.ም. ነበልባሉ በደቃቅ የሽቦ ወንፊት የተከበበ ፋኖስ ሠራ። ወንፊቱ የነበልባሉን ሙቀት እየወሰደ ስለሚያቀዘቅዘው እሳቱ በውጭ ወዳለው ጋዝ አያልፍም። ዊልያም ክላኒና ጆርጅ ስቲቨንሰንም በዚያው ዘመን የየራሳቸውን ፋኖስ ሠርተዋል። ፋኖሱ ከማብራቱም በላይ መልእክት ይናገር ነበር፤ ሜቴን ባለበት ስፍራ በነበልባሉ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ቆብ የሚመስል ብርሃን ይታያል፤ ለመተንፈሻ የሚሆነው አየር ባነሰበት ስፍራ ግን ነበልባሉ ይደክማል።

ይሁን እንጂ አደጋው በዚህ አልቆመም። ፋኖሱ ያድነናል በማለት ቀድሞ በጋዝ ምክንያት የተተዉ ስፍራዎች እንደገና ይቆፈሩ ጀመር፤ ወንፊቱም ሲበሳ ወይም ሲዝግ ጠባቂነቱ ይቀር ነበር። መሣሪያ ጥንቃቄን ያግዛል እንጂ አይተካም።

ፋኖሱ የማያስታውቀው ሌላ መርዝም ነበር። ጆን ስኮት ሆልዴን የተባለው ሐኪም በ1896 ዓ.ም. በፍንዳታ የሞቱትን ሠራተኞች መርምሮ፥ አብዛኞቹን የገደላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ መሆኑን ገለጸ። እንደ አይጥና እንደ ወፍ ያሉ ትንንሽ እንስሳት ፈጥነው ስለሚተነፍሱ መርዙ ከሰው አስቀድሞ ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ ካናሪ የምትባለው ትንሽ ወፍ በሽቦ ሳጥን ሆና ከሠራተኞች ጋር ትወርድ ጀመር። ወፊቱ ከቆመችበት እንጨት ስትወድቅ ሰዎቹ ወደ ኋላ ይመለሳሉ።

በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ኦሊቨር ጆንሰን በካሊፎርኒያ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መመርመሪያ አዘጋጀ። በዚህ መሣሪያ ተቀጣጣይ ጋዝ በጋለ የፕላቲኒየም ሽቦ ላይ ሲቃጠል የሽቦው ሙቀት ይጨምራል፤ በዚህም የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ስለሚለወጥ የመለኪያው ቀስት ይንቀሳቀሳል። በእንግሊዝ አገር ወፎቹ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲተኩ የተወሰነው ግን በ1986 ዓ.ም. ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይምሰልህ። ሆልዴን በጉድጓድ ያገኘው መርዝ በመኖሪያ ቤት ከሚነደው ከሰልም ይወጣል። ብዙ ሰዎች ከሰሉ ከቀላና ጢሱ ከወጣለት በኋላ ጉዳት የለውም ይላሉ፤ ነገር ግን የሚታየው ጢስ ቢያልቅም የማይታየው መርዝ አያልቅም። ስለዚህ ማንደጃውን መኝታ ቤት አስገብቶ፥ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ለሞት መጋበዝ ነው። በከሰል አጠገብ የተቀመጡ ሰዎች ራሳቸውን ቢያማቸው፥ ቢያዞራቸው ወይም ቢያስመልሳቸው ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። በቤታችን ውስጥ አስቀድማ የምትወድቅልን ወፍ የለችምና፥ ለልጆቻችን ጠባቂዎቹ እኛው ነን።